የገንፎ እጅ ፓስታ ሲቀቅል

የምሥራች አለ። ተቀምጣ በላች።

አዎ፣ ተቀምጣ። መደቡ ላይ፣ የበግ አጎዛው ላይ፣ እግሯን አጥፋ፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጀምራ አልተወችውም፣ ጨረሰችው። ሰው ቁጭ ብሎ በላ ተብሎ ደግሞ የምሥራች ይነገራል ወይ የሚል አይጠፋም፤ ይበል። ነገሩን ከሥሩ የሰማ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ስለዚህ ከሥሩ ይነገር።

የበላችው ኮከብ ናት። የምሥራቹ ግን የእናቷ የአየለች ነው።

አየለችን ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ባለው አገር የማያውቃት የለም። የምትታወቀው በገንፎዋ ነው። በዚያ መንደር ሴት ምጥ ሲይዛት አንዱ ወደ አዋላጅ ሲሮጥ ሌላው ወደ አየለች ይሮጣል። የገብስ ዱቄቱን በግራ እጇ እየነሰነሰች፣ በቀኟ ማማሰያውን ይዛ ድስቱን ዙሪያውን ስታሸው፣ ጎረምሳ የሚያቅተው ጉልበት ከዚያች ቀጭን ክንድ ከየት እንደሚመጣ ይገርማል። አንድም ቀን ጓጉሎባት አያውቅም። ገበታው ላይ ስትገለብጠው እንደ ተራራ ይቆማል፤ አናቱን በጭልፋ ጎድጎድ ታደርግና ቅቤና በርበሬውን ታፈስበታለች። ያንን በልቶ ያልጠነከረ አራስ የለም። "የአየለች እጅ ያያይዛል" ይሏታል፤ ምስጋና ነው።

ለሌላው አራስ እንዲህ የሆነችው ሴት ራሷ አምስት ወልዳ ያደገችላት አንዲት ኮከብ ብቻ ናት። ኮከብም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዐረብ አገር ሄደች። አባቷ ወዳጆ አትሂድ ብሎ ነበር። አየለች ናት ትሂድ ያለችው። ይህችን ነገር በኋላ ስንት ሌሊት እንዳመነዠከቻት እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

መጀመሪያ ላይ ኮከብ በወር አንዴ ትደውል ነበር።

"እመዬ፣ እዚህ ጠዋት ማታ ፓስታ ነው። ተለያይቶ እንደ ክር ካልወጣ ማዳም አትወድም።"

"ማዳም ደግሞ ማናት?"

"የቤቱ እመቤት ናታ።"

"ከተጣበቀስ ምን ትላለች?"

ኮከብ ሳቀች። "እሱን ተይው እመዬ። ይልቅ ማን ወለደ? ገንፎ እንዴት ነው?"

አየለችም ተወችው። ማን እንደወለደ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስትዘረዝር ካርዱ አለቀ። በኋላ ስልኩ በሁለት ወር፣ በስድስት ወር ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ጭራሽ ጠፋ።

በስድስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ልጅሽ አዲስ አበባ መጥታለች፣ ኑና ውሰዷት ተባለ። ወዳጆ በግ ሸጦ ሄደና ይዟት መጣ። በእጇ አንድ ፌስታል ነበር። አየለች ደጅ ላይ ጠብቃ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ኮከብ እጇን ወደ ታች እንደ ጣለች ቆመች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። በማግሥቱም። በሳምንቱም።

ቀኑን ሙሉ ከእህል ጎታው ኋላ ትቀመጣለች። ምግብ ሲቀርብ ግን ትነሣለች። ሁሉም በልቶ እስኪያበቃ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች፤ ከዚያ የተረፈውን ይዛ ጎታው ጥግ እንደ ቆመች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ ሳታኝክ ትውጠዋለች። አየለች እጇን ይዛ ወደ ገበታው ስትስባት እንደ እንጨት ትደርቃለች። "እኔ ነኝ ልጄ፣ እናትሽ ነኝ" ስትላት ደግሞ ባሰ፤ ይህን በሰማች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። በራሷ ቤት፣ የእናቷ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ እህል እንድትቀምስ። አየለች ከእግዜር የምትለምነው ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ጸበል ወሰዷት። በክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ ብለው ጠሯት፤ አቤት አላለችም። ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ክኒን ሰጠና፣ "አታስገድዷት እናቴ። እጇ የለመደውን ሥራ ፈልጉላት፤ ከእጇ በኩል ትመጣ ይሆናል" አላት።

አየለች ሱፍ ሰጠቻት፤ እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ወደ ጎመኑ ጓሮ ይዛት ወጣች፤ ቆማ ቀረች። ስድስት ዓመት ይኼ እጅ የለመደው ምንድን ነው? ብላ ስታስብ ስታስብ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል የስልኩ ወሬ ትዝ አላት። ፓስታ።

ባለ ሱቁ ይሥሐቅ ፓኬቱን እያቀበላት፣ "እትዬ አየለች፣ ገንፎ ተሻረ እንዴ?" አላት።

"ለልጄ ነው። እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ አይጣበቅም።"

እንግዲህ አየለች ያደረገችውን እዩ። ድስቷ ትንሽ ናት፤ ፓስታውን ለሁለት ሰበረችው። ገንፎ በለብታ ይጀመራል፤ እሷም ውሃው ለብ ሲል ጨመረችው። ገንፎ ካልታሸ ይጓጉላል፤ እሷም ማማሰያዋን ይዛ ላቧ እስኪንጠባጠብ አሸችው። ገንፎ ተከድኖ ይበስላል፤ እሷም ከደነችው። ሠላሳ ዓመት ያስመሰገናትን ሁሉ አንድም ሳታስቀር አደረገች።

ብቻ ፓስታው ሲሰበር ቀጭ ሲል፣ ኮከብ ከጎታው ኋላ ብቅ ብላ ምሰሶው ጋ መጣች። በስንት ወሯ። ዓይኗ ድስቱ ላይ ነበር። አየለች ትንፋሿን ያዘች።

ገለበጠችው። ፓስታው የድስቱን ቅርጽ ይዞ እንደ ተራራ ቆመ። እጅ ልማዱን አይተውምና አናቱን በጭልፋ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ አፈሰሰችበት። ጎረቤቷ ጥሩሸዋ ያን ጊዜ ነው የገባችው። ሳህኑን አየች፣ አየለችን አየች።

"አራሷ የታለች?" አለች።

"አፍሽን ዝጊ፣ ፓስታ ነው።"

"እሱስ ፓስታ ነው። ልጁ ወንድ ነው ሴት?"

አየለች ሳታስበው ሳቀች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ፣ ኮከብ ወደ ሳህኑ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተንበረከከችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ቀበረች። አልጮኸችም። ጠበቀች ብቻ። ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ በላይ፣ የድስት ክዳን ጠርዝ የሚመስል የዳነ ቁስል ነበር።

የጥሩሸዋ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። አየለች ሳህኑን አንሥታ ከነቅቤው ለውሻው ደፋችው። ተመልሳም ልጇ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አልነካቻትም። "እሱን ተይው እመዬ" ብላ ኮከብ በስልክ ያለፈችው ምን እንደነበር ያን ቀን ገባት። ያኔ በስልክ የሳቀችውም ሳቅ እንዳልነበረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ፓስታ የሚባል ነገር ደጁ አይደርስም ነበር። አየለች ግን ልጇ በራሷ እግር ወደ ምድጃ ስትመጣ አይታለች። ስለዚህ ሳይጣበቅ እስኪወጣላት ድረስ ልጇ ዓይን ፊት ላታቀርበው ምላ፣ ጥሩሸዋ ቤት መለማመድ ያዘች። ሰኔና ሐምሌን እንዲሁ ከረሙ። ዘይት ጠብ ብታደርግበትም ተጣበቀ። ዘይት ብታንቆረቁርበትም ተጣበቀ፤ ተንሸራታች ሆኖ ተጣበቀ።

"የኔ ውሻ ወፍሮ መጮህ ትቷል" አለች ጥሩሸዋ። "ሌባ ቢገባ አንቺ ነሽ ከፋይዋ።"

"ለምንድን ነው የሚይዘኝ ግን ጥሩዬ?"

"እጅሽ ያያይዛላ። ሲያመሰግኑሽ ደስ ይልሽ የለ?"

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ፣ ትንሽ የተሻለ ወጥቶላት ስለነበር፣ አየለች በቤቷ ደፍራ ጣደች። ኩበቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ውሃው ጠርዝ ጠርዙን ፍንጥቅ ፍንጥቅ ማለት ሲጀምር ፓስታውን ጨብጣ ወደ ድስቱ ዘረጋች። ከኋላዋ አንድ እጅ መጥቶ አንጓዋን ያዘ።

"ውሃው አልፈላም።"

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ዝገት የያዘ በር ሲከፈት ይመስል ነበር። ዘጠኝ ወር። አየለች እንዳትዞር፣ እንዳትጮህ፣ ምላሷን ነከሰች። ፓስታውን አስረከበችና ገለል አለች።

ኮከብ ትንሿን ድስት አወረደች። ለጠላ ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን ድስት ጣደች፤ ከወገቡ በላይ ውሃ ሞላችው። እሳቱን አየችና፣ "እንጨት" አለች። ወዳጆ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ለበግ ጋጣው ማደሻ ከመሐል ሜዳ በትከሻው ያመጣውን የባሕር ዛፍ አጣና አንድ ሳያስቀር ፈለጠው። ፍልጡን ከደጃፉ አስቀምጦ ተመልሶ ጋጣው ኋላ ሄደ፤ ለምን እንደሄደ አይጠየቅም።

እዚያ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይንፈቀፈቃል እንጂ እንደ ቆላው ቶሎ አያበስልም። ኮከብ ውሃው ድስቱን እስኪያንቀጠቅጥ ጠበቀች። ጨው ጨመረች። ፓስታውን ሳትሰብር አቁማ ለቀቀችው፤ እየለሰለሰ ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወዲያው በሹካ አላቀቀችው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ አጥብቃ፣ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ። ክዳን አላስጠጋችም። አንዱን ክር አውጥታ ነከሰች፣ ገና ነው። ቆይታ ሌላ ነከሰች። ሲበቃው ውሃውን በወንፊት አጠለለች፤ ከውሃው ግን አንድ ኩባያ አስቀርታ፣ በትንሿ ድስት ካቁላላችው የሽንኩርትና የቲማቲም ስጎ ጋር መልሳ አፈሰሰችበትና እሳቱ ላይ ወዘወዘችው። ክር በክር ሆኖ ወጣ። አንዱ ሌላውን አልነካም።

ያማረውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበች።

"ማዳም፣ ደርሷል።"

አየለች ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም።

ኮከብ ግድግዳው ጋ ሄዳ እጇን ሆዷ ላይ አጣመረች።

ልጅ ተናገረች ተብሎ እልል ሊባል የሚገባው ቀን ነበር። አየለች ፓስታውን በእንባዋ እያራሰች በላችው፤ ካልበላችው ልጅቱ ትፈራለችና። ከዚያም እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ኮከብ የምትናገረው ድስቱ ሲጣድ ብቻ ነው፤ ውሃው፣ ጨው፣ እንጨት፣ ደርሷል። የምትናገረውም ለማዳም ነው። አየለች ነገሩ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ገብረ አማኑኤል ሄደች።

"አባ፣ ልጄ በሌላ ስም ትጠራኛለች። በመታቻት ሴት ስም።"

አባም ጠየቋት። "ስትጠራሽ ምን ትያለሽ?"

"ዝም ነው የምል። አቤት ብል ውሸት አይሆንብኝም?"

"አቤት በያት" አሉ። "የቆመችው እዚያ ቤት ከሆነ፣ እዚያው ድረስ ሂጂላት እንጂ ምን ታደርጊ?"

አየለች አቤት ማለት ጀመረች። መልካም ማዳም ልሁን ብላ፣ "ተቀመጪ፣ አብረን እንብላ" ብላም አዘዘች። ኮከብ ስለታዘዘች ቁጢጥ አለች፤ ተረከዟ መሬት ሳይነካ፣ እህሉን ሳትነካ፤ ወዳጆ ደጅ ላይ ሲያስል ዘልላ ተነሣች። በትእዛዝ የተቀመጠ ሰው እንዳልተቀመጠ አየለች አየች። ትእዛዙን ተወች።

እንግዲህ ያለፈው እሑድ ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ይጠብቃል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፓስታው ወጣ፣ ሳህኑ ቀረበ፣ ኮከብ ግድግዳዋን ተደገፈች። አየለች አልበላችም። ለምን እንደዚያ እንዳለች እስካሁን አታውቀውም።

"ስምሽ ማን ነው?" አለቻት።

"ኮከብ።"

"እናት አለሽ?"

ኮከብ ቀና አለች። "አለችኝ።"

"የት ናት?"

"መንዝ። እርስዎ አያውቁትም፤ ሩቅ ነው። ብርድ ነው።"

አየለች የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። "ማን ትባላለች?"

"አየለች። ገንፎ ታገነፋለች። አገሩ ሁሉ ሲወልድ እሷን ነው የሚጠራው።"

"ፓስታስ ታውቃለች?"

"የት አይታው። እኔ ስሄድ እሠራላታለሁ።"

"መቼ ነው የምትሄጂ?"

"እርስዎ ሲፈቅዱልኝ።"

እኔ ነኝ እናትሽ የሚለው ቃል አየለች ጉሮሮ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ በእያንዳንዱ ስንት እርምጃ እንዳራቀቻት ታውቃለች። ዋጠችው። መዋጥ እንደዚያ አሟት አያውቅም።

"ፈቅጄልሻለሁ" አለች። "ሥራሽን ጨርሰሻል። ከእንግዲህ ሠራተኛዬ አይደለሽም። ወደ እናትሽ ሂጂ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"በሩስ?"

"ክፍት ነው። የሚቆልፈው የለም።"

ኮከብ ወደ በሩ ሄደች። መድረኩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውጭው ገብሱ፣ በጎቹ፣ አጣናው የጎደለው ጋጣ፣ እንጨት የሚፈልጥ የመሰለ ግን የማይፈልጥ አባቷ። እጇን በበሩ መቃን ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አየለች አልተከተለቻትም። ብትሄድስ? ብላ አሰበች። ገደል ለገደል ትሂድ ብዬ ነው የለቀቅኋት? ያን ጊዜም ትሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን አልጠራቻትም።

ኮከብ ተመለሰች። ምድጃውን አየች፣ ጎታውን አየች፣ መደቡን አየች። መጣችና አጎዛው ላይ ቁጭ አለች። ሙሉ ክብደቷን ጥላ፣ እግሯን አጥፋ፣ ሩቅ መንገድ መጥቶ የደከመው እንግዳ እንደሚቀመጥ።

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። አየለች ያን ጊዜ አየችውና ደነገጠች፤ በሩ ላይ ስትቆይ ፓስታው ቀዝቅዞ እርስ በርሱ ተያይዟል። አንድ ጉብታ ሆኗል። ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች፣ ዘገየች። ኮከብ አይታዋለች።

"ተጣብቋል" አለች ኮከብ።

"ይጣበቅ" አለች አየለች። ድምፅዋ ተሰበረ። "ይጣበቅ፣ ምን አለበት።"

ኮከብ እጇን ወደ ጭንቅላቷ አላነሣችም። ጉብታውን በጣቷ ቆርሳ፣ እንደ ገንፎ ጠቅልላ ጎረሰች። አኘከች። ቀስ ብላ፣ በሩን ሳታይ። ሌላ ቆረሰች።

አየለች ደጅ ወጥታ ጋጣው ኋላ ስትደርስ፣ ወዳጆ መጥረቢያውን ተደግፎ ነበር።

"ምን አለችሽ?"

"ተጣብቋል አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"እመዬ አላለችሽም?"

"አላለችኝም።"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። አንድ በግ መሃላቸው ገብቶ የወዳጆን ቁምጣ ማኘክ ጀመረ፤ ማንም አላባረረው። አየለች ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ወዲያውም መልሶ ራሰ።

"ማዳምም ግን አላለችኝም" አለች። "ቁጭ ብላ ነው የበላችው ወዳጆ። ሂድና በቀዳዳው እይ። ሳህኑን እየጠረገች ነው።"

ነገሩ ይኸው ነው። ልጅቱ ገና ሩቅ ናት፤ እናቷን መቼ እንደምታገኛት የሚያውቅ የለም። ግን ተቀምጣ በላች። ሞላሌ ያለችው የአየለች እህት ጠጄ ይህን አልሰማችም፤ ስልኳም ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። ወደ ሞላሌ የሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ሰው ቀረኝ እያለ ነው፤ ያ አንድ ሰው ይህን ወሬ ለጠጄ ይዞ የሚሳፈር ካልሆነ ማን ሊሆን ነው።